ማዕበል የጫነች ክብ

ኅዳር፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ታርቱ። ከቢሮው ሰው ሁሉ ሄዷል፣
ማሞቂያው ብቻ አንዳንዴ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል።
ሁለት መቶ አሥራ አራት ኮምፒውተር በጨለማ ተደርድሮ፣
ባለቤቱ በሩቅ ሲጠራው ይነቃል፣ እንደ በር ጠባቂ አድሮ።
አንዱ ከአልጋው፣ አንዷ ከጓዳዋ፣ አንዱ ከባሕር ማዶ፣
በአንዲት መስኮት ወንበሩ ላይ ይወጣል፣ በረዶ ሳይረግጥ ማልዶ።

የዛሬው ሥራ ያቺን መስኮት ማደስ ነው። ኡርማስ ብቻውን፣
በቀዘቀዘ ሻይ ፊት ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ የታደሰውን።
«ጥቃቅን ጉድለቶች ተስተካክለዋል» ይላል የዝማኔው ማስታወሻ፣
ከዚያ ወዲያ ቃል የለውም፤ መጀመሪያም የለው፣ መጨረሻ።

አረንጓዴ። አረንጓዴ። መጋዘኑ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ ሥራ አስኪያጁ፣
ሁሉም እሺ ብለው ጠፉ፣ ነቁ፣ እንደየተራው፣ እንደየደጁ።
ይለፍ ቃል ያለው ሁሉ «ይለፍ» አለ፤ ያላለፈችው አንዷ ነች፣
ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ሰባት፣ ቢጫ እንደ ሆነች ቀረች።

ሄልዩ፣ ደመወዝ ክፍል። ከሳሬማ ደሴት፣ ከራሷ ጓዳ፣
ዝማኔ በመጣ ቁጥር «ቆይ» የምትል፣ ሌሊትም ቢሆን ማለዳ።
ከየካቲት ወዲህ፣ ስንቴ? አሥራ አንድ ጊዜ።
«አዲስ ነገር ፈርታ ነው» አለ ኡርማስ፣ «ይህ የእርጅና አባዜ።»
ማስገደድ ይችላል፤ ለዚህ የተሠራች አንዲት ሳጥን አለች፣
ምልክት ሲደረግባት የሰው «ቆይ» ታበቃለች።

ጣቱን ሊያሳርፍ ስልኩ ጮኸ፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ድምፅዋ የነቃ፣ የማያፍር፣ ትንሽ ጉንፋን ያለበት።

«ቢጫ ሆኜ እየታየሁህ ነው አይደል? አውቄያለሁ።
ፈርቼ አይደለም ልጄ፤ ካርድ በሚበሳበት ዘመን ጀምሬ ስንቱን ዝማኔ አሳልፌያለሁ።
ባለፈው ስታድሱኝ ግን አንዲት ፊደል ከጣቴ ሥር ጠፋች፣
ያቺ ክቧ፣ በራሷ ላይ ማዕበል የጫነች።»

(ድምፅዋን ለማታውቁ፦ ከ«እ» ወፈር፣ ከ«ኧ» ጠበብ ያለች፣
ሰው ሸክም ሊያነሣ ሲል ከደረቱ የምታመልጥ ነች።)

«ከዚህ ከቤቴ እጽፋታለሁ፤ እዚያ ቢሮ ስትደርስ፣
ክቡ የለም፣ ማዕበሉ ብቻ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ሲፈስ።
በጥር የክሬን ነጂው፣ የኤልማር ፐደር፣ ደመወዙ ተመለሰ፣
ባንኩ ‹እንዲህ የሚባል ሰው የለም› አለ፤
የሌለው ሰው በማግስቱ ሥራ ደረሰ።
ከዚያ ወዲያ ወደ አሮጌው መስኮት ተመልሼ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ፣
ደመወዝ እስኪወጣ ‹ቆይ›፣ ከወጣም በኋላ ‹ቆይ› እላለሁ።»

ኡርማስ ሳቀ። «እናንት የሳሬማ ሰዎች እኮ ያቺን ድምፅ አትሏትም፣
አገር ይቀልድባችኋል፣ ምላሳችሁ አይጠራትም።»

«አዎ» አለች። «እኔም አልላት፤ እናቴም ሳትላት ሞተች።
ጥሪኝ አላለችኝም ፊደሏ። ጻፊኝ ነው ያለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮቱን ለበሰ። ቆሞ፣ ሳጥኗን ሳይነካት፣
አንድ መቶ አሥራ ሰባትን «የሚቆዩ» ከሚል ማኅደር አስገባት።
ቅጹ «ምክንያት?» አለው፤ ባዶውን አልፎ አይሄድ ሰው።
ብዙ ሊጽፍ ይችል ነበር፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ክሬን ነጂው።
አንዲት ፊደል ብቻ ጻፈ። ክቧን። ማዕበሏን።
«አስቀምጥ» አለ።

ገጹ ታደሰ።
«ምክንያት» ከሚለው ፊት፣
ቆማለች አንዲት የጥያቄ ምልክት።

ኡርማስ አያት። የለበሰውን ኮት አወለቀ፤
ወንበሩን መልሶ ሳበ።