ግልብጥ ፊደል

ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣
የቀበሌ የእድር ማኅተም ቀርጬ ነው የማድር።
ዛሬ ክብ የለ፣ ቁጥር የለ፤
ከአሮጌ ጫማ ሶል ላይ አበባ ተፈለፈለ።

አንጓች፣ ወረቀቱን ታውቂዋለሽ፤
የሰርግ ጥሪሽ ትራፊ ነው፣ ዋሴ ነው ያስቀመጠልሽ።
«ለክርስትና ይሆነናል» ብሎኝ ነበር፣ እየሳቀ፤
መሳቢያዬ ውስጥ
ስድስት ዓመት ጠበቀ።

ከሥሩ ጥቁር ደረብሁ፣ ጠርዙ ብቻ እንዲታይ፣
እንደ ነጠላሽ ጥለት፣ ተዘቅዝቆ አንገትሽ ላይ።

«ያጥናሽ»ን ገልብጬ ቀረጽሁ።
ፊደል ጎማ ላይ እንዲህ ነው፤
ተገልብጦ ነው የሚቃናው።
ያንቺ ነገር ግን፣ እኔ እንጃ።

ሁለት መታሁ።
አንዱ ደምቆ ወጣ፣ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፤
ሁለተኛው ፈዘዘ፤ እሱን ወደደ ቀልቤ።
ለአዘዞ ታክሲ ሰጠሁት።
ዳሩ ላይ አውራ ጣቴ አለ፤
ይቅርታ፣ አልጠረግሁትም።