አነሳችሁ

ዓርብ ነበር፤ ዴራ፣ ከባሕሩ ክንድ፣
ፀሐይ ከጀርባዬ ወደ ማታ ስትወርድ፣
ትርፌ ከአብራው ወርዳ፣ ባንድ እጇ ሻሿን፣ ባንዱ የተገመጠ ማንጎ
ይዛ ሳቀች፤ ፍንጭቷ ሳይቀር ወጣ፣ ብርሃን ፈልጎ።
ከስንጥቅ ስልኬ በቀር ያየ አልነበረም።
አነሳኋት።
ለሷ ብቻ ላክሁላት፤ ለሌላ ለማንም።

ያኔ ከማዳሟ ቤት ከጠፋች ሰባት ወሯ፣
ፓስፖርቷም ደሞዟም ከአሠሪዋ መሳቢያ፤
ከኛ ዘንድ፣ በአምስት ሰው ፍራሽ ስድስተኛ ሆና ነው ማደሯ።
ፎቶውን በስልኳ ለጠፈችው፤
«እናቴ ትየኝ» አለች፣ «አለመክሳቴን ትመነው።»

በሚያዝያ፣ ከፅዳት ሥራ ስመለስ፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣
ፍሪጅ ሙራር መታጠፊያው ላይ፣ ከሐዋላ ቤቱ መስታወት
ትርፌ ቆማለች፤
የኔን ቁመት ሁለት እጥፍ ሆና፣ መብራት ከኋላዋ በርቶላት
ትስቃለች።
ከየት እንደ ሞጨለፏት እንጃ።
ማንጎዋን ቀምተዋታል፤
በፈንታው የብር ኖት እንደ ማራገቢያ ዘርግተው አስይዘዋታል።
ከእግሯ ሥር በሦስት ቋንቋ፦ «ደስታን ወደ ቤት ይላኩ።»
ሰባት ወር ሙሉ ሳንቲም ያልላከች ልጅ!

ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጅ አልወጣችም፤
ቁርሷን አመጣላታለሁ፤ መጋረጃ አልገለጠችም።
«ማዳሟ ብታልፍስ? ሾፌሩስ?» ትላለች፤
ገዛ ሳቋ አሳዷት፣ ከገዛ ጥርሷ ትሸሸጋለች።

ገባሁ።
ማናጀሩ ወንበር ሳበልኝ፤ ትሑት ሰው ነው።
«ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃሽ? ኢቃማሽስ? ልጅቷስ የት ነች?» ሲለኝ
ምላሴ ላንቃዬ ላይ ቀረ፤
እውነቱን ብናገር እሷን አሳልፌ መስጠቴ ነው።
«እንግዲያው» አለ፣ «አንድ ጊዜ ያለ ኮሚሽን ላኪ። ከኛ ስጦታ።»

ያን ጊዜ ከመስታወቱ በዚህኛው ወገን፣ የተገለበጠ ምስሏን አየሁ።
ማንጎውን የፋቀው እጅ አንድ ነገር ረስቷል፤
ከትርፌ ጫማ ፊት፣ ጣውላው ላይ የተጋደመ ጥላ፤
አንገቱ ጎንበስ፣ ክርኖቹ እንደ እንስራ ጆሮ ወጣ ያሉ።

ተነሣሁ። ከሥሩ ቆምሁ።
ስልኬን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ክርኖቼን ዘረጋሁ።
ሰውየው አንዴ እኔን፣ አንዴ ጣውላውን አየ፤
የብዕሩን ክዳን ገጠመ፤ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ አላለም።
የቀረውን በአማርኛ አልሁት፤ ለሱ ባይሆን ለመስታወቱ፦
«ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ እናንተ ግን አነሳችሁ፤
ትርፌን ወስዳችሁ ትርፋችሁ አደረጋችሁ።»

ቅዳሜ ማታ ወረደ።
ለጠራጊው አሥር ዲርሃም ሰጥቼ ጥቅሉን ለመንሁት፤
ዛሬ ከፍራሻችን ሥር ነው፣ ፊቱን ወደ ሲሚንቶው ደፍተን አነጠፍነው፤
ትርፌ በቁመቷ ልክ ትተኛበታለች፤ እግሯ ካፏ ላይ ይደርሳል።

ሰኞ ሌላ ልጅ ተለጠፈች፤ የኔፓል ትሁን የፊሊፒን እንጃ።
እሷም ትስቃለች። እሷም ብር ይዛለች።
ምን ይዛ ነበር?
ጎንበስ ብዬ፣ ሰው እያየኝ፣ ከጫማዋ ፊት ጥላ ፈለግሁ።

አጥፍተውታል።