የወርቅ አይጥ

አስፋልቱ ተነጥፎ፣ ሞጣ ላይ ሲያበቃ፣
ቀያሹ ሚስተር ዣኦ፣ «ደኅና ሁን፣ በቃ»
ብሎ ሳንቲም ሰጠኝ፣ በመስታወት ያለ፣
የወርቅ አይጥ ያለበት፣ ጺሙ የተሳለ።

አንድ ቀን ጠይቆኝ፣ የተወለድሁበትን፣
ሰባ ስድስት ብዬው፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስትን፣
በጣቱ ቆጠረ፣ እንስሳ በእንስሳ፣
በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶውን ሳይረሳ፤
አሥራ ሁለት ናቸው፣ ተራ የሚጠብቁ፣
በየተራ ነግሠው፣ በየተራ የሚወድቁ።
«ያንተ» አለኝ በመጨረሻ፣ ሳቁን እያፈነ፣
«ያንተ ዓመት ንጉሡ፣ ይኸው አይጥ ሆነ።»

አይጥ!
ጤፋችንን በልቶ፣ ጆንያውን ቀዶ፣
የዘር እህላችንን ለልጆቹ ወስዶ፣
እናቴ በመጥረጊያ፣ አባቴ በወጥመድ፣
ድመታችን እንኳ የሰለቻት ዘመድ፣
እሱ ነው ወርቅ ላይ፣ ጅራቱን ጠቅልሎ፣
እንደ ባለ ርስት፣ ቁጭ ያለው ተደላድሎ?

መሪጌታ ይኸነው ዘንድ ወስጄ ባሳየው፣
ገለባብጦ ገለባብጦ፣ ፈገግ ብሎ አየው።
«ሰባ ስድስት» አለኝ፣ «በአራት ስትገደፍ፣
ዘመነ ዮሐንስ ናት፤ ንስር፣ ባለ ክንፍ።
እንግዲህ አንተ ሰው፣ ፈርዶብህ ኖሯል፣
ንስርህ አይጥህን ሲያሳድድ ያድራል።»

እውነትም አንዳንድ ሌት ደረቴ ውስጥ ሰማሁ
የጥፍር ኮሽታ፣
የክንፍ ነፋስ።

ሰኔ ገባ። የዩሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ፤
የዘር ጆንያችን ሲፈታ ለካ
ግማሹ ብናኝ ነው፣ ግማሹ የአይጥ በጠጥ።
በገበያው ዕለት አንጥረኛው ልየው ዘንድ ሄድሁ።
«ይኼ» አልሁት፣ «ተርታ ወርቅ እንዳይመስልህ፤
ሰብሳቢ ቢያገኘው፣ እጥፉን ይሰጥህ!
ጆሮውን ተመልከት፣ ጺሙን ቁጠርለት፣
አንድም አልጎደለ፣ ሰው ዓይኑን ያጠፋበት።»
«እኔ» አለ ልየው፣ «ጆሮ አልመዝንም፤
ጺምም ለሙሽራ ቀለበት አይሆንም።»

ወናፉን ነፋ።
አይጡ መጀመሪያ ጆሮውን አጣ፣
ቀጥሎ ጺሙን፣ ቀጥሎ ያን የኮራ ጅራት።
ዓይኑ ግን ቆየ፤
የስፒል ራስ የምታህል ዓይን፣
ከማቅለጫው ውስጥ ሆና
ሳትርገበገብ አየችኝ።
ከዚያ ወርቅ ብቻ ሆነ፤ የማንም ዓመት ያልሆነ።

በዋጋው ዘር ገዛሁ፣ ማዳበሪያ ገዛሁ፣
በአህያ ጭኜ፣ ሳይመሽ ቤቴ ገባሁ።
አይጥ የበላብኝን፣ አይጥ ከፈለኝ መሰል፤
ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር?

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ከጎተራው ሥር፣
ኮሽ አለ።
ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፦
«ተነሣ እንጂ፣ ወጥመዱን!»

ተነሣሁ። ወጥመዱን በእጄ ያዝሁት።
ትንሽ ቆምሁ በጨለማው፤
መልሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት።