ሸርጣኑ

ሙሄ አራጋው ሲያወራ፣ ሐይቅ ከተማ ይስቃል፤
«ደግሞ ዛሬ ካፉ ምን አውሬ ይፈልቃል?»
ዓሣ ቤቱ ቆርቆሮ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣
ነጭ የመርከበኛ ቆብ፣ ከሚስማር ላይ የሚያድር።
እኛ ልጆች ከደጁ፣ የቆሮሶ ጭንቅላት
ለድመታችን ስንጠብቅ፣ ይጀምራል ያን ተረት፦

«ዳህላክ ማለት ደሴት፤ ዛፍ አይባል ዛፉ፣
ሥሩ ጨው ይጠጣል፣ ወፍ ያድራል ከጫፉ፤
ኤሊዋ ሌማት ታክላለች፤ ሌሊት ካሸዋው ወጥታ
እንቁላሏን ስትቀብር፣ ታለቅሳለች ተደፍታ፤
ዶልፊን የሚሉት ዓሣ፣ ዓሣ አይደለም፣ ያጠባል፤
ከመርከቡ አፍንጫ ሥር፣ እንደ ጥጃ ይቦርቃል፤
አራጎስታ አለላችሁ፣ ጣልያን ነው ስም ያወጣለት፣
ሲቀቅሉት ይቀላል፣ እንደ ሙሽራ ጥለት፤
ደግሞ ሸርጣን የሚሉት፣ ዓይኑን በስንደዶ ሰክቶ
ወደ ጎን ነው የሚሄደው፣ ፊትና ኋላን ትቶ።»

«ወደ ጎን?» ይላል ሼህ እብሬ፣ መቁጠሪያውን ገታ አድርጎ፣
«ወደ ጎን የሚሄድማ የኛ ሊቀመንበር ነው!»
«ክንፍና ቅርፊት የሌለው» ይላል መሪጌታ ውብሸት፣
«ኦሪት ያወገዘው ነው።»
በበግ ዋጋ የማይስማሙ፣ በሸርጣን ይስማማሉ።

ማዶ እስጢፋኖስ አለ። እሱም ደሴት ነበር ይላሉ፤
አፈር እየሞላ፣ እየሞላ፣ ከየብስ ጋር ተጋባ።
እኔ ሴት ነኝ፣ አልገባም፤
ጦጣዎቹ ግን ይገባሉ፣ ሴቶቹም ጭምር፣
ልጆቻቸውን ከሆዳቸው ለጥፈው።
ዓሣ አጥማጁ ወፍ ከዋርካው ይጮኻል፣
ሙሄ ጭሱ ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል።
«የዳህላኩ» ይላል፣ «ድምፁ ሻካራ ነው። ጨው ነዋ።»

በጥቅምት አንድ ማለዳ፣ አንዋር ከመረቡ
አምባዛ ሲያላቅቅ ጮኸ፤ ሰዎች ተሰበሰቡ።
ከጣቱ የተንጠለጠለ፣ ጭቃ የመሰለ ነገር፣
እግሩ ስምንት፣ መቀሱ ሁለት፣ ዓይኑ በስንደዶ የሚዞር።
በተቆረጠ ጀሪካን ተሸክመው ሲያመጡለት፣
ወደ ጎን እየሮጠ ፕላስቲኩን ሲቧጥጥበት፣
ማንም አልሳቀም።

ሙሄም አልፎከረም።
ተንበርክኮ ብዙ አየው፤
«አንሰሃል» አለው ቀስ ብሎ፣
ከሩቅ አገር እንደመጣ የወንድም ልጅ።

ከዚያ ድስት ጣደ።
ሼህ እብሬ ራቅ አሉ፣ መሪጌታም ራቅ አሉ፤
የሁሉም እግር ወደ ኋላ ሸሸ፣
የሁሉም ዓይን ወደ ድስቱ ተጠጋ።
ሲቀላ አየን። እውነት ነው። እንደ በርበሬ ቀላ።
አንድ እግር ሰብሮ ቀመሰ፤ አኘከ፤ ከዚያ በኋላ
ዝም አለ።
«ሥጋው ያው ነው» አለ፣ «ባሕሩ ነው የጎደለው።»

ጎረቤቱ ዘምዘም፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ የምትነግድ፣
ከመቀነቷ ፈትታ፣ የአሞሌ ስባሪ አወጣች፦
«ባሕር ካልክማ፣ ይኸው! ጥንት ውኃ ነበር ይላል አፋሩ፤
ውኃው ጥሎት ሲሄድ፣ ቆሞ የቀረ ሥሩ።
በግመል ጀርባ ዳገት ወጥቶ
እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ዋጋው ነው የሚያስለቅሰኝ!»
በድንጋይ ፈረከሰችው፤ ድስቱ ላይ በተነችው።

ሙሄ እንደገና ቀመሰ።
ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደ ቆቡ አዞረ፤
ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየን።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ እጄን ዘረጋሁ።
(መሪጌታ አጎቴ ናቸው፤ ያን ዕለት ግን አልቆነጠጡኝም።)
ምን ምን ይላል? ይሉኛል እስከ ዛሬ።
እንጃ።
ጣቴን ስልስ መሸ፤
ድመቴ ተከትላኝ ስታሸተኝ አደረች።

ቅርፊቱን ሙሄ ከቆቡ ሥር ሰቅሎታል፤
ዝንብ ሞክሮት ተወው፣ ጉንዳን ሞክሮት ተወው።
አሁንም ያወራል። አሁንም አግዳሚው ይሞላል።
ስለ ሻርክ ሲጀምር፣
ሼህ እብሬ መቁጠሪያውን ያዝ አድርገው
«ስንት ክንድ?» ይሉታል።