የሚሽከረከር ደም

ኮይምብራ፣ ጥር ወር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዱዋርቴ ክንዱን ሰጠ ማንንም ሳያይ፤
ኢዳሊና ነርሷ መርፌዋን ሰክታ
"ጎበዝ!" ብትለውም፣ እሱ በዝምታ
የኮርኒሱን መብራት ይቆጥራል ደጋግሞ፤
ክንዱ ሳይወጋ እኔን አመመኝ ቀድሞ።

በወሩ ሐኪሙ ወረቀት ዘርግቶ፣
"ሴሮቶኒን" አለኝ፣ "ከልኩ በዝቶ
በደሙ ተገኝቷል። ኦቲዝም ካላቸው
ካራቱ ባንዱ ላይ ይኸው ነው የምናየው፤
ምክንያቱን ግን ገና አልጨበጥነውም።"

"የት ነው የሚሠራው?"
"አብዛኛው ከሆድ ነው።
አንጎል ደጁን ዘግቶ አያስገባውም።"

ከሆድ!
ለካ አፉ የነፈገኝ በሆዱ ኖሯል፣
ካንጎል በር ደርሶ ደጅ ሲጠና ይውላል።

ወረቀቱን አጥፌ ከቦርሳዬ ከተትኩ።
ቁጥሩ ልጄን አያውቀውም።

እኔ የማልረሳው ያን የጥር ማለዳ ነው፦
ደሙን ተቀብላ ማሽኗ ስታዞረው፣
የድስት ክዳን ሲያሾር የሚውለው ልጄ
ጆሮውን ከጎኗ ለጠፈ፤
"እምምም" ስትል፣
"እምምም" አለ፣ በዚያው ቃና፣ ሳይዛነፍ።

ኢዳሊና ብልቃጧን እንደያዘች ቀረች።
ማሽኗ ዝግ አለች፣ ቆመች።

ዱዋርቴ ዞረ። ዓይኗን አያት፣ ዓይኗን!
"ደግሞ" አለና
ሌላኛውን ክንዱን ዘረጋላት።