በጧፍ ሰም

አራት ዓይና ብለው ሸኙኝ፣ ብሉይ ሐዲስ የዘለቅሁ፤
ኢየሩሳሌም ገብቼ ግን በአምስተኛው ዓይን ወደቅሁ።
አምስተኛው ጆሮዬ ነው።

የደብረ ገነት ግድግዳ ወፍራም ነው ይላሉ፤ ውሸት!
የእኔና የአባ ዘወንጌል በዓት በሚዋሰንበት፣
የቧንቧ ቀዳዳ አለች፣ ድምፅ የምታሳልፍ፤
በሐምሌ ወበቅ ተገላብጬ እምቢ ሲለኝ እንቅልፍ፣
ስልኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ ሲንሾካሾክ ሰማሁ፦
«ልጅቱ እንዴት ናት? ጫማው ልኳ ሆነ ወይ?
‹አባትሽ ሞቷል› ያላችኋትን ዛሬም ታምናለች ወይ?»

ለማንም አልተናገርሁም።
ይህ ይጻፍልኝ። ለማንም።
ዐወቅሁ እንጂ፣ ዐወቅሁ ብቻ።
ዕውቀቱ ግን እንደ ሊጥ ሌሊቱን ኩፍ ሲል አደረ፣
ጠዋት ለኪዳን ስገባ፣ ከእኔ ቀድሞ ቆሞ ነበረ።
አባ መስቀል ሊያሳልመኝ በፊቴ ሲደርስ ከበደኝ፤
ሰገድሁ፤ ግን ግማሽ ነው፤ ግማሹን ማወቄ ያዘብኝ።
አራቱም ዓይኖቼ አባን ለማየት ተሰለፉ፣
ለራሴ ጓዳ የሚሆኑ ሁለት እንኳ አልተረፉ።

በአገሬ «ዐዋቂ» ሲባል ለሁለት ሰው ይሆናል፦
አንዱ መጽሐፍ ይገልጣል፣ አንዱ ሥር ይምሳል።
ያን ሰሞን የትኛው እንደ ነበርሁ እኔን ማን ይነግረኛል?

ከነቢያት ጎዳና ወርጄ ማሐኔ ይሁዳ ስደርስ፣
ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ ተከምሯል የቁልቋል በለስ።
ነጋዴው በወፍራም ጓንት ይልጣል በበረዶ ላይ፤
«ልላጥልህ?» አለኝ በእጁ። ተወው አልሁት፤ ዐዋቂ ነኝ ባይ!
ስለ በለስ እኔ የማላውቀው ምን ቀረ? ከአዳም ጀምሮ
ሰባት አንድምታ አለኝ፣ አፌ ውስጥ በቃል ታጥሮ።
ያቺ ዛፍ ይህቺ እንዳልሆነች እንኳ ስሟ ሸፈነብኝ፤
በባዶ እጄ ጨበጥኋት። ሰባቱም ትርጓሜ ከዳኝ።
እሾኋ እንደ ሌላው አይደል፤ ጠጉር ነው፣ ለዓይን አይገባ፣
ደም አያወጣም፤ ብቻ የነኩት ሁሉ ይቆጠቁጣል፣ መቋሚያም ሆነ ካባ።

እማሆይ ወለተ ሐና ከውሃ ታንከሩ ሥር ነበሩ፤
የኢሮብ ሰው ናቸው፣ በበለስ መሐል ያደጉ፣ ፊደል ያልቆጠሩ።
መዳፌን አይተው ሳቁ። «አትሸው፤
ባሸኸው ቁጥር ይገባል፤ ምላስህንም አታስነካው።»
ጧፍ ለኮሱ። ትኩሱን ሰም ጠብ ጠብ አድርገው መዳፌ ላይ፣
እስኪረጋ ዝም አሉ። ግቢው ዝም፤ ጉልላቱ ላይ ፀሐይ።
ከዚያ ልጠው አነሡት፤ ሰሙ ላይ ቆመ ጠጉሩ፤
ይህን አክሎ ነው እንዴ ያን ሁሉ ማሳረሩ?

እዚያ ላይ አፌ ሾለከ፦ «እማሆይ፣ አባ ዘወንጌል…»
ቀና አላሉም። «ዐውቃለሁ፣» አሉ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ይሆናል።
ጫማውን እኔ ነኝ የገዛሁ። ሠላሳ ስድስት ገብታለች፤
ባለፈው ሠላሳ አራት ነበር። ልጅ ናት፤ ቶሎ ታድጋለች።
ያንን እጅህንም አምጣ።»

አንድ ነገር ነው ያወቅነው፣ እሳቸውም እኔም፣ አንድ።
እሳቸው ዘንድ ጫማ ሆነ፤ ፖስታ ቤት ሄደ በመንገድ፤
እኔ ዘንድ ግትር አንገት፣ መስቀል ፊት የማያጎነብስ ግንድ።

ፍልሰታ ገባ። አባ ዛሬም መስቀሉን ያሳልመኛል፤
ሙሉ ሰገድሁ አልልም፤ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል።
ከአውራ ጣቴ ጫፍ አንዲቷ እሾህ ሳትወጣ ቀርታለች፤
እማሆይ አይተዋታል። «ተዋት፣ በጊዜዋ ትወጣለች።»
ደቀ መዛሙርት ከብበውኝ ገጽ ስገልጥ ትወጋኛለች፤
«አንድም» ብዬ ልጀምር ስል፣ እሷ ቀድማ ትናገራለች።