የሐረጎ ጉም

አራት ነበሩ፤ እኔን ከቆጠራችሁኝ አምስት፤
እኔስ ሽቦ ቀጣይ ነኝ፣ ጣቴ አያውቅም ስልት።
ይማም በጊታሩ፣ ፈንታው በከበሮ፣
አረቡ በቤዙ፣ ከዋንዛ ግንድ ላይ ራሱ ሰርስሮ፣
ዑቅባይ በኦርጋኑ፣ ጣልያን ትቶት ከሄደ መጋዘን አውጥቶ።
ስም ያወጣላቸው የሐረጎ ዳገት ነው፣ አንድ ሌሊት ተቆጥቶ
መንገዱን ከመኪናው መብራት ፊት በጉም ጠቅልሎ በልቶ።

ሸክላውን ያመጣው የአሰብ ሾፌር ነው፣
በሁለት ፓኮ ሲጋራ ከመርከበኛ የለወጠው፤
ልባስ የለው፣ ስም የለው፣ ፊደሉ ተፍቆ፣
ሚሌን፣ ባቲን አልፎ፣ በሽንኩርት ጆንያ ተደብቆ፣
ኮምቦልቻ ሲገባ ሙቀት ጠርዙን አጣሞታል።
ማጫወቻችን በድንጋይ ትሠራለች፤ ድንጋዩ ግን ደክሟል።
ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ በጥርሳችን ነከስነው፤
ሸክላው በግድ ዞረ፤ የአውድማ በሬ ነው።
ጊታሩ ቦርከናን በጉልበቱ እንደሚሻገር፣
ዘፋኙ ከጉድጓድ ሆኖ እንደሚናገር።
የፈረንጅ ሙዚቃ ይሄ ነው ብለን
አጠናነው፤ ከነድካሙ፣ ከነመጣመሙ ይዘን።

ዓመት ቆይቶ አዲስ ድንጋይ ተገኘ።
ያው ሸክላ ሲሮጥ ሰማን፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።
ይማም ብቻ አልሳቀም።
«ምን ያስቸኩለዋል?» አለ፤ «የኛ ይሻላል።»

ስፒከሩ የተቀደደው በኔ ጥፋት ነው፣
አይጥ በልታው፣ በሲጋራ ወረቀትና በሙጫ ብለጥፈው፣
ድምፁ ንብ የገባበት ቀፎ ሆኖ ቀረ።
ላነሣው ስል ይማም እጄን ያዘና ተናገረ፦
«ተወው።» በባቲ ቅኝት አንዲት ክር ነካ፤
ክሯ ጮኸች፣ አጉረመረመች፣ ጦሳን ደርሳ መጣች ለካ፣
ሰኞ ገበያ ያደረ ነጋዴ በቅሎው ደንብራበት
በር አንኳኳ፦ «መኪና ነው ጅን? ንገሩኝ በሞቴ፣ በእመቤት!»
አረቡ መለሰ፦ «ሁለቱም ነው፣ አባባ፤
ጅኑ መኪና ገዝቶ ነው ደሴ የገባ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፒያሳ፣ ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ፣
ሰው ሊጨፍር ይመጣል፣ ጸጉሩን አበጥሮ፤
አንዱ ዜማ ግን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣
ጨፋሪው እግሩን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ይጨንቀዋል።
ወይዘሮ አልጋነሽ ሒሳቧን ዘግታ፦
«ልጆች፣ ይሄ ዘፈን ቢራ አይሸጥም።»

በስልሳ አምስት መንገዱ በሰው ሞላ።
ከሰሜን፣ ከቆላ።
ልብስ የሌለው፣ ድምፅ የሌለው፣ ቆሞ የማይለምን።
ያን ቅዳሜ ይማም ጊታሩን ሰካ፣
ጣቱ ግን አልወረደም።
ስፒከሩ ሳይነኩት ለብቻው አጓራ፤
እኛም እሱን ሰማን፣ ረጅም ጊዜ፣
ከዚያ ሶኬቱን ነቀልኩት።
አራቱ አንድ ላይ የቆሙት ያኔ ነው በመጨረሻ።

ቀጥሎ ቀበሌ መጣ፤ ማጉያዬን ወረሰው።
ካድሬው «ጓዶች!» ሲል ቀፎው ተነሣበት፣
«አብዮት» የምትለው ቃል ተንሸዋርራ፣ ተንሳፍፋ ወጣች፤
አደባባዩ ፀጥ ብሎ አዳመጠ።
እኔና ፈንታው ከኋላ ቆመን
ከንፈራችንን ነክሰን
በጫማችን ጫፍ ምቱን ጠበቅን።

ዑቅባይ በሌሊት አውቶቡስ ሄደ።
አረቡ በሌሊት ለተንኳኳ በር ከፈተ።
ይማም ሰዓት ሠሪ ሆኖ አርጅቶ፣ አምና ቀበርነው።
የቀዳነው አንድ ካሴት ነበር፤
እህቱ መንዙማ ቀዳችበት።
አልወቅሳትም፤ መንዙማው ያምራል።
ግን ሼሁ ትንፋሽ ሲወስዱ፣
በሁለት ስንኝ መካከል፣ ከሥር፣
አንዲት የተቃጠለች ክር ብቅ ትላለች፤
ሼሁ ሲቀጥሉ ትመለሳለች።

አሁን እኔ የስልክ ቻርጀር እጠግናለሁ፤
ፈንታው አጠገቤ ቆርቆሮ ይሸጣል።
በቀደም በረዶ ጣለ፤
የተደረደረውን ቆርቆሮ ሁሉ ደበደበው።
ፈንታው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ፤
ጥቂት ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።
«ፈጠነ» አለ።
«ድንጋዩ አዲስ ነው» አልኩት።